ጎረቤትሽ ቤት ምን ተበላ?

ተመራማሪ ነኝ። የሚስቅ ካለ ይሳቅ፤ ፎቶዬ ያለበትን ባጅ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሦስት ዓመት ገበያ ወጥቻለሁ። «ይርዳው ተስፋነህ፣ ተባባሪ ተመራማሪ» ይላል። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ፣ ከገሳይ በላይ ወደ ጉና በሚወስደው ብርዳም ቀበሌ ገብስ፣ ስንዴና ድንች የማመርት ገበሬ ነኝ። እርሻዬን አውቃለሁ፣ ጎረቤቶቼን አውቃለሁ፣ እስክሪብቶ መያዝም አይቸግረኝም። ለዚህ ሥራ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል? ብዬ ነበር ያኔ።

ጥናቱ የጋራ ጥናት ይባላል። ዩኒቨርሲቲ አለበት፣ ግብርና አለበት፣ ስሙን መጥራት የሚያቅተኝ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲም አለበት፣ እኛ ገበሬዎቹም አለንበት። ስለ ምግብና ስለ መሬት አጠቃቀም መመሪያ ሲወጣ ቢሮ ተቀምጦ ከሚታሰብ የገበሬውን ኑሮ አይቶ ይውጣ ነው ነገሩ። መሪዋ ዶክተር ሠናይት ከአዋሳ መጥታ ደብረ ታቦር የምታስተምር ሴት ናት። «አንቺ በሉኝ» ብላ ለምናኝ እሺ ለማለት አንድ ዓመት ፈጀሁ፤ የተማረ ሰው አንቺ ማለት ምላሴን ይይዘው ነበር። መጀመሪያ ሰብስባ «በጋራ እንሠራለን» ስትለን «በጋራ» የሚለው በደንብ አልገባኝም። ባጁ ግን ወዲያው ገባኝ።

ሥራዬ ቀላል ነበር። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአሥራ ሁለት ቤት እየዞርኩ «በዚህ ሳምንት ቤታችሁ ምን ተበላ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ዘር ተዘርቶ ሲያልቅ ደግሞ «በየማሳችሁ ምን ዘራችሁ?» እላለሁ። መልሱን ደብተር ላይ አሰፍራለሁ። አሥራ አንዱ የጎረቤት ቤት ነው፤ ሰባተኛው የራሴ ነው።

በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል። ጎረቤቶቼም እንደዚያው ሆኑ። «ምን በላችሁ?» ስል «ጤፍ ነዋ! ሌላ ምን እንበላለን?» ይሉኛል። ጤፍ በእኛ ብርድ አይበቅልም፤ ከይፋግ ወገን ተጭኖ መጥቶ ገሳይ ገበያ ላይ ነው የሚገኘው። ቤቱ የገብስ ሽታ እየሸተተኝ፣ ደጁ ላይ ዱራኛ ተሰጥቶ እያየሁ፣ «ጤፍ» ብዬ እጽፋለሁ። የሰው ገመና ነው፤ ምን አገባኝ? ስለ ማሳም ስጠይቅ «ስንዴ» ይላሉ፤ እኔም «ስንዴ» ብዬ እጽፋለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ደብተሩም የያዘውን ይዞ ደብረ ታቦር ይሄዳል።

ዱራኛ ስንዴና ገብስ በአንድ ማሳ ላይ ተደባልቆ የሚዘራ፣ አብሮ የሚታጨድ፣ አብሮ የሚወቃና አብሮ የሚፈጭ እህል ነው። ውርጭ የመጣ ዓመት ስንዴው ቢመታ ገብሱ ያተርፋል፤ ዘመኑ ሲሰምር ሁለቱም ይሰጣሉ። ላይኛው ማሳ ላይ ከዚህ የተሻለ ነገር እስከ ዛሬ አላየሁም። ነገር ግን የእንግዳ እህል አይደለም። ለዳቦና ለጠላ ነው ይባላል እንጂ እንጀራዬ ዱራኛ ነው ብሎ በሰው ፊት የሚናገር የለም፤ ጎደሎ መምሰል ነው።

ስለ ራሴ ቤት ምግብ ግን እውነቱን ነበር የምጽፈው። ሚስቴ ማሬ ማታ ማታ የምታቀርብልኝ ጤፍ ነው፤ ስለዚህ «ጤፍ» እላለሁ። ጤፉን ድንች ሸጣ ከገሳይ እንደምታመጣ አውቃለሁ፤ ብልህ ሚስት አለችኝ ብዬ እኮራ ነበር። ላይኛው ማሳችን ላይ የሚዘራው ዱራኛም ለጠላና ለገበያ ነው ብዬ አስብ ስለ ነበር ማሳውን እንደ ጎረቤቶቼ «ስንዴ» ብዬ ነው የጻፍኩት። በእኛ ዘንድ አባወራ ቀድሞ ይበላል፤ ሴቷና ልጆቹ ከኋላ ይበላሉ። እኔ በልቼ እጄን ታጥቤ ወደ ከብቶቹ እሄዳለሁ። ከኋላ ምን እንደሚበላ ለማየት ምን አስቀመጠኝ?

በ2011 ዓ.ም. ፋሲካ ካለፈ በኋላ ዶክተር ሠናይት የሦስት ዓመቱን ውጤት ይዛ መጣች። በገበሬዎች ማሠልጠኛው ግድግዳ ላይ የየእህሉ መጠን በቁመት የተሣለበት ትልቅ ወረቀት ለጠፈች። ጤፉ እንደ ባሕር ዛፍ ተመዝዟል። ዱራኛ የሚለው ቃል አጠገብ ምንም አልነበረም።

የግብርና ባለሙያው ደሳለኝ ብድግ አለ። ደሳለኝ ክፉ ሰው አይደለም፤ ብርዱም ጭቃውም ሳይበግረው ከማሳ ማሳ የሚዞር ታታሪ ነው። በታችኛው ማሳ ኩታ ገጠም የሚሉትን አምጥቶልናል፤ ጎን ለጎን ያለን ገበሬዎች ሁላችንም አንድ ዓይነት ምርጥ ዘር ስንዴ ዘርተን አምና ጎተራችን ሞልቷል። እኔም ተጠቅሜያለሁ። ብቻ ዱራኛን ሲያይ «ያልጸዳ ዘር» ነው የሚለው፤ ስንዴ ውስጥ ገብስ ማየት ዓይኑ ውስጥ ጉድፍ የገባ ያህል ይቆረቁረዋል።

«እንግዲህ ጥናቱ ራሱ ተናገረ» አለ። «ዱራኛ የሚበላም የሚዘራም የለም። ስለዚህ ከዚህ ክረምት ጀምሮ ኩታ ገጠሙ ወደ ላይኛው ማሳ ይወጣል፤ ሁሉም ስንዴ ብቻ ይዘራል። መመሪያው ግንቦት መጨረሻ ላይ በስብሰባ ይጸድቃል።»

ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ በራሴ ደብተር የመጣ ነገር ስለሆነ ትንሽ ጠንከር አድርጌ ነው ያጨበጨብኩት። ያላጨበጨበች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ታላቅ እህቴ ዘነበች።

ቤቴ ሳልደርስ መንገድ ላይ ደረሰችብኝ።

«አንተ ባለ ባጅ!» አለችኝ። «ደብተርህ ላይ እኔ ቤት ምን ተበላ ብለህ ጻፍክ?»

«ያልሽኝን ነዋ እታለም። ጤፍ።»

«እኔ ጤፍ ስልህ አንተ ታምናለህ? ደጄ የተሰጣውን ዱራኛ ተሻግረህ አልነበር የገባኸው?»

«ታዲያ ለምን ዋሸሽኝ?»

«ደብተሩ ደብረ ታቦር ሄዶ ይነበባል ሲባል ዘነበች ገብስ ትበላለች ይበሉኝ? ወንድሜ ነው፣ ገመናዬን ይሸፍንልኛል ብዬ ነዋ። መሸፈኑንስ ሸፈንከው፤ ማሳዬን አብረህ ቀበርከው እንጅ!» ድምፅዋ ተሰበረ። «ያለኝ ማሳ አንድ ነው፤ እሱም ላይኛው ነው። ውርጭ የመጣ ዓመት ስንዴ ብቻ ዘርቼ ምን ልበላ ነው? ባጅህን?»

ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። በዘጠኙም ዓመት እጇን ለማንም ዘርግታ አታውቅም፤ ያቺን ማሳ ይዛ ነው የኖረች። እሷ ስታፍር የምትቆጣ ሰው ናት፤ እኔ ደግሞ ሳፍር ዝም የምል ሰው ነኝ።

በነጋታው በመኪና ደብረ ታቦር ወረድኩ። ሠናይት ቢሮዋ ውስጥ ወረቀት ከባ ተቀምጣለች። ሻይ ላስመጣልዎት ስትለኝ አይሆንም አልኳት። ጥፋት ይዞ የመጣ ሰው ሻይ አይጠጣም።

«ደብተሩ ልክ አይደለም» አልኳት።

«የቱ ላይ?»

«ሁሉም ላይ። ሰዎቹ ዱራኛ እየበሉ ጤፍ ይሉኛል። እኔም እያወቅኩ ጤፍ ብዬ እጽፋለሁ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ፊቷ ላይ የሦስት ዓመት ሥራ ሲፈርስ አየሁ፤ እውነቴን ነው፣ በራሴ ዓይን አየሁት። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«ጋሼ ይርዳው፣ ውሸቱ ምን ያህል ነው?»

«ውሸት አይደለም። ይሉኝታ ነው።»

«እሺ፣ ይሉኝታው ምን ያህል ነው?»

«ከሰባተኛው ቤት በቀር ሁሉም» አልኳት። ሰባተኛውን ስል ደረቴን ትንሽ ሳልነፋ አልቀረሁም።

ሳቀች። ሳቋ የደስታም የንዴትም አልነበረም፤ ግን ሳቀች፤ እኔም ቀለል አለኝ። ስብሰባው ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሁሉንም ቤት እንደገና እንጠይቅ አለች። ደግመሽ ብትጠይቂያቸው ደግመው ጤፍ ነው የሚሉሽ አልኳት። ታዲያ ምን ይሻላል አለችኝ። እዚህ ላይ ነው፣ ለመኩራራት አይደለም፣ ያቺን ባጅ በሚገባ የሠራሁባት።

«ሰው የራሱን ነው የሚሸፍነው» አልኳት። «የጎረቤቱን ግን ማን ይሸፍናል? ጎረቤቴን ብዙነሽን ስለ ብዙነሽ አትጠይቂያት። ብዙነሽን ስለ ጎረቤቷ ጠይቂያት።»

መጀመሪያ ቀልድ መሰላት። ቆየት ብላ ግን ወረቀት ሳበች። ሆኖም ሰዎቹ ተሰብስበው ካልተነገራቸውና ሁሉም ካልተስማሙ አይሆንም አለችኝ፤ ማንም ሳይፈቅድ ቤቱ አይጠየቅም፣ የጥናት ሕግ ነው። እኔም ሕግ አከብራለሁና እሺ አልኩ።

አሥራ ሁለቱም ቤት ባልም ሚስትም ተሰበሰበ። ሠናይት አንድም ሳታስቀር አስረዳች፤ እያንዳንዱ ስለ ጎረቤቱ ቤት ይጠየቃል፣ ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ብቻ ይጻፋል፣ ያልፈለገ ይቀራል። የአጥር ጎረቤቴ ብዙነሽ እጇን አወጣች።

«ይኸ ሐሜት አይሆንም ወይ? የነፍስ አባቴ ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ?»

ዘነበች ከኋላ መለሰችላት። «ቁጥር ማማት ኃጢአት አይደለም። በዪ ፈርሚ!»

ሁሉም ሳይንገራገር ፈረመ። በኋላ ሳስበው የገባኝ ነገር አለ። ሁሉም ስለ ሌላው ለመናገር ተስማማ፤ ሌላውም ስለ እሱ እንደሚናገር ያሰበ አልነበረም። እኔን ጨምሮ።

ሦስት ቀን ሙሉ ከሠናይት ጋር ዞርን። እሷ ትጠይቃለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ከወንዶቹ ምንም አላገኘንም። ወንድ የጎረቤቱን በሬ ዕድሜ ያውቃል፣ ጎረቤቱ ቤት ምን እንደሚቦካ ግን አያውቅም፤ ሁሉም «ጤፍ መሰለኝ» እያለ አለፈ። ሴቶቹ ጋ ስንደርስ እጄ እስኪዝል ጻፍኩ። ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ የማን ጆንያ ምን እንደያዘ ያውቃሉ። የማን ሊጥ መቼ እንደተቦካ ያውቃሉ። የአንዷ ልጅ የያዘውን ቁራሽ ከሌላዋ ልጅ ጋር ሲካፈል አይተዋል። «አራተኛው ቤት? ኧረ ዱራኛ ነው፤ ጤፍ የሚገባው ለገና፣ ለፋሲካና ለክርስትና ነው።» «አሥረኛው ቤት እንኳ እውነተኛ ጤፍ ይበላሉ፤ ነጋዴ ናቸው፣ ምን ይሆናሉ።» «ዘነበችማ» ሲሉ ሠናይት ቁጥር በሉ ትላለች፤ «እሺ፣ ሁለተኛው ቤት ዱራኛ ባይኖር በሕይወትም አይኖሩ።» ውርጭ የመጣበትን ዓመት እንኳ እየጠሩ የማን ስንዴ እንዴት እንደተቃጠለ፣ ማን በገብሱ እንደተረፈ ነገሩን። እንዲህ ያለ ጥናት በሕይወቴ አላየሁም። ደስ አለኝ፤ ለዘነበችም ደርሼላታለሁ አልኩ።

በሦስተኛው ቀን መጨረሻ ላይ ብዙነሽ ቤት ደረስን። ጥጥ እየፈተለች ነበር።

«አሁን ሰባተኛው ቤት ነው» አለች ሠናይት፤ ወደ እኔም ዘወር ብላ «ጋሼ ይርዳው፣ ለዚህኛው ትንሽ ወጣ ቢሉ ይሻላል» አለችኝ።

«ለምን እወጣለሁ? የእኔ ቤት ግልጽ ነው። ሥራ ሥራ ነው፤ ትናገር፣ እኔ እጽፋለሁ።»

ብዙነሽ እንዝርቷን አቆመች። «አይ፣ ይውጣ» አለች።

«ተናገሪ ብዬሻለሁ!»

«ራስህ ነህ ያልክ።» ዓይኗን ከእኔ መልሳ ለሠናይት ትነግራት ጀመር። «ሰባተኛው ቤት ሁለት ዓይነት ሊጥ ነው የሚቦካ። የጤፉ ትንሽ ነው፤ እሱ ለአባወራው ነው፣ በትንሿ መሶብ ለብቻ ይቀመጣል። ሚስቱና ልጆቹ የሚበሉት ዱራኛ ነው። ልጆቹ የጤፉን አይነኩትም። አንድ ቀን ትንሿ ልጅ ልትቆርስ ብትል እናቷ 'ተይ፣ የአባትሽ የደብተር እንጀራ ነው' አለቻት፤ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

እስክሪብቶው እጄ ላይ ቆመ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኩ።

«ባጁን ካመጣህ ጀምሮ ነዋ። ሰዎቹ የሚያነቡት ባሌ የበላውን ነው፣ እሱ እንዳያፍር ብላ። ድንቿን ተሸክማ ገሳይ ወርዳ የምትገዛው ጤፍ ለስንት ሰው ይበቃል መሰለህ? እኔማ ታውቃለህ ብዬ ነበር።»

ሠናይት ዝቅ ባለ ድምፅ «ካልፈለጉ ይህን መተው እንችላለን» አለችኝ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚለው ተረት ለሴት ነው የተተረተው፤ ለእኔ ግን ልክ ሆነልኝ። መጀመሪያ በማሬ ተናደድኩ። ከዚያ በብዙነሽ ተናደድኩ። በመጨረሻ የሚገባው ሰው ላይ ደረስኩ፤ ያ ሰው እኔ ነበርኩ። «ሰባተኛ ቤት፣ ዱራኛ» ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩ።

ማታ ማሬ እንደ ወትሮው ቀድማ ለእኔ አቀረበች። ልጆቹ ከምድጃው ወዲያ ተቀምጠው እስክጨርስ ይጠብቃሉ። ጎረስኩ። ልናገር አፌን ከፈትኩና «ወጡ ይጣፍጣል» ብዬ ዘጋሁት። ሦስት ዓመት ሰው ሁሉ ይሉኝታ ያዘው እያልኩ ስስቅ ኖሬ፣ የገዛ ቤቴ ውስጥ አንድ ቃል አቃተኝ። ሳልጨርሰው ተነሣሁ። ማሬ «አመመህ?» አለችኝ፤ አይ አልኳት።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ስብሰባው ተደረገ። ማሠልጠኛው ሞልቶ ሰው መስኮት ላይ ቆሟል። ማሬ ከሴቶቹ ጋር ዘነበች አጠገብ ተቀምጣለች። ሠናይት አዲሱን ወረቀት ለጥፋ አነበበች፤ ከአሥራ ሁለቱ ቤት በአሥራ አንዱ የዘወትሩ እህል ዱራኛ ነው፣ ላይኛው ማሳ ላይ የሚዘራውም እሱ ነው። ጉምጉምታ ተነሣ። ሰው ሁሉ የየራሱን ቁጥር እያሰበ ጎረቤቱን በጎን ማየት ጀመረ።

ደሳለኝ እጁን አወጣ። መናደዱ ያስታውቃል፤ አልፈርድበትም።

«ዶክተር፣ ባለፈው ወር ጤፍ አሉን። ዛሬ ዱራኛ አሉን። የትኛውን እንመን? የጎረቤት ወሬ ነው ወይስ ጥናት? ይኸው ይርዳው ራሱ ተመራማሪ ነው። ሦስት ዓመት የራሱን ቤት ጤፍ ብሎ ጽፏል። ሰው የራሱን ቤት አያውቅም? ወይስ ይርዳውም ውሸታም ነው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። መናገር ባልፈልግ ሠናይት እንደማታስገድደኝ ከፊቷ አየሁ። ዝም ብል ገመናዬ ይሸፈናል። ዝም ብል ደግሞ የዘነበች ማሳ ይሄዳል። ተነሣሁ።

«ውሸታም አይደለሁም» አልኩ። «የበላሁትን ነው የጻፍኩ። እኔ የምበላው ጤፍ ነበር። ቤቴ የሚበላው ግን ዱራኛ ነው። ሚስቴ ሰው ፊት እንዳላፍር ብላ ለእኔ ለብቻዬ ጤፍ ስታቀርብ፣ እሷና ልጆቼ ከኋላዬ ሌላ ሲበሉ፣ ሦስት ዓመት አላየሁም። ቀድሜ በልቼ እነሣለሁ፤ ከየት አየዋለሁ?»

ከሴቶቹ በኩል አንዲት ሳቀች።

«ደሳለኝ፣ ሰው የራሱን ቤት አያውቅም ወይ ላልከኝ፣ አያውቅም። እኔ አላወቅኩም። በታችኛው ማሳ ኩታ ገጠም ገብቻለሁ፣ ስንዴህ ሰጥቶኛል፣ እግዜር ይስጥህ። ላይኛው ማሳዬ ግን ልጆቼን ያሳደገ ዱራኛ ነው። እሱን ስትከለክል እኔን አይደለም የምትከለክለው፤ እኔማ ጤፌን እበላለሁ። የምትከለክለው እነሱን ነው።»

ተቀመጥኩ። ወደ ማሬ ለማየት አልደፈርኩም። ከዚያ ደሳለኝ ወረቀቱ አጠገብ ሄዶ ብዙ ጊዜ አየው። ውርጩ የስንት ቤት ስንዴ ጎዳ ብሎ ሠናይትን ጠየቃት፤ ነገረችው። የማሳዎቹን ከፍታ ጠየቃት፤ ነገረችው። ብዙ ተከራከሩ፤ ገበሬውም ገባበት፤ ዘነበች ሁለት ጊዜ ተቀመጪ ተብላለች። በመጨረሻ የተጻፈው መመሪያ ኩታ ገጠሙ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ታችኛው ማሳ እንዲቀጥል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ባለው ማሳ ግን ባለማሳው እንደሚበጀው እንዲዘራ አለ። «ዱራኛ» የሚለውን ቃል መመሪያው ላይ በእጁ የጻፈው ደሳለኝ ነው። «ያልጸዳ ዘር» አላለውም።

ዘነበች በር ላይ ትከሻዬን መታ አደረገችኝ። «እኔ ገመናዬን ሸፍንልኝ ብልህ፣ አንተ የራስህን አራግፈኸው አረፍክ» አለች። ሳቀችም አለቀሰችም። በዚያው ዘር ልታበጥር ወደ ቤቷ ሄደች፤ ዝናቡም ቀርቦ ነበር።

ማሬ ቀድማኝ ገብታለች። በመንገዱ ሁሉ ምን እንደምትለኝ ሳስብ ነበር፤ በሰው ፊት አዋረድከኝ ትለኛለች ብዬ ፈርቻለሁ። እሷ ግን ማታ ትልቁን ገበታ መካከል አስቀምጣ ሁላችንንም ጠራችን። ትልቋ ልጄ ፍቅርተ ትንሿን መሶብ ልታመጣ ብትነሣ «ተቀመጪ» አለቻት። አንድ ላይ በላን። ዱራኛው እንደሚጣፍጥ ልደብቃችሁ አልችልም፤ ሦስት ዓመት ለእኔ ክብር ተብሎ ጥሩውን ነገር ተከልክዬ ኖሬያለሁ። ይህንኑ ስናገር ልጆቹ ሳቁ። ማሬ ግን ፈገግ እንኳ አላለችም፤ ወጥ ብቻ ትጨምርልኝ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። ሁልጊዜ ከአንደኛው ቤት ነበር የምጀምረው። ያን ቀን ግን የራሴን በር አንኳኳሁ። ማሬ ከፈተችልኝና ምን ረሳህ አለችኝ።

«ወይዘሮ ማሬ፣ ለጥናት ነው። በዚህ ሳምንት ቤታችሁ ምን ተበላ?»

ትስቃለች ብዬ ነበር። ነጠላዋን አስተካከለች፤ በርጩማ አቀረበችልኝ፤ ራሷም ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ሦስት ዓመት» አለችኝ። «ስድስተኛው ቤት ስትገባ ድምፅህን እሰማለሁ። አሁን ወደ እኔ ይመጣል ብዬ ቤቴን ጠርጌ እቀመጣለሁ። አንተ አጥሩን ታልፍና ስምንተኛው ቤት ትገባለህ። አንድ እሑድ እንኳ ገብተህ አልጠየቅኸኝም።»

«ብጠይቅሽ ኖሮ ምን ትዪኝ ነበር?» አልኳት።

«ጤፍ እልህ ነበር» አለች። «መጠየቁን ግን ትጠይቀኝ ነበር።»

ከዚያ «ሰኞ» ብላ ጀመረች፤ እኔም ጻፍኩ።